ከአፍንጫ ስር የተያዘ መስታወት

ሐኪሟ ከመሳቢያዋ ትንሽ ክብ መስታወት አውጥታ ከልጄ አፍንጫ ስር ልትይዝ ስትል የሐኪሟን እጅ ለቀም አድርጌ አስቆምኳት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም አፈርኩ።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከአገር ወጥቼ፣ ጄኔቫ አጠገብ ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት በሠራተኝነት ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ስትናገር ድምፅዋ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው። አማርኛም ትናገር ፈረንሳይኛ፣ ከእኔ በቀር የምትለው የሚገባው የለም። የክፍሏ ልጆች "ምን አለች?" ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። "ስታድግ ይለቃታል" ያሉኝን ሁሉ አምኜ መቀመጤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መናገሩንም እየተወችው መጣች። ጭራሽ ዝም ትላለች ብዬ ፈራሁ።

የሐኪሟን እጅ ለምን እንደያዝኩ አልነገርኳትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ አልጋው ላይ ጸጥ አለ። አጎቴ "መስታወት አምጪ" አለኝ። ከግድግዳ አውርጄ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከአባቴ አፍንጫ ስር ያዘው፤ የትንፋሽ ጉም ሳይታይበት መስታወቱ ጥርት እንዳለ ቀረ። ኋላ የሰው ቤት መስታወት መወልወል እንጀራዬ ሆነ፤ ጥርት ብሎ ሳየው ግን አሁንም ይዘገንነኛል።

እጇን ስለቅላት ሐኪሟ መስታወቱን ከልጄ አፍንጫ ስር ይዛ "ፓፓ በይ" አለቻት። ልጄ አለች። መስታወቱ በጉም ተሸፈነ። እኔ በልቤ "ተመስገን" ስል የሐኪሟ ፊት ጨለመ። ያ ጉም በአፍ መውጣት የነበረበት አየር ነው አለችኝ። ላንቃዋ ላይ ላዩን ደህና ይመስላል፤ ከቆዳው ስር ያለው ጡንቻ ግን ከተፈጥሮዋ ስላልተጋጠመ የአፍንጫዋን መንገድ መዝጋት አልቻለም።

የላንቃዋ ቀዶ ጥገና ዙሪክ ተደረገ። ከሆስፒታል ስንወጣ እዚያው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር እህቴ ቤት አረፍን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ልጄ ሶፋው ላይ ተኝታለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ጉሙ ቀርቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከእህቴ ቦርሳ መስታወት አወጣሁ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ከአፍንጫዋ ስር ያዝኩት። ጠበቅሁ። ምንም የለም። በቀሚሴ ጠርጌ ደግሜ ያዝኩት። አሁንም ጥርት ያለ ነው። ያን ጊዜ ከኋላዬ ሰው የቆመ መሰለኝ፤ "መስታወት አምጪ" ያለኝ ሰው። ጮህኩ።

እህቴ ከኩሽና ሮጣ መጥታ መስታወቱን ነጠቀችኝ። "አብደሻል እንዴ? ቁስሉ አብጦ አፍንጫዋን ደፍኖታል። በአፏ እየተነፈሰች ነው፣ አታዪም?" አለችኝ። ልጄ ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር።

ከዚያ ንግግር የምታለማምድ ሎጎፔዲስት ዘንድ ለወራት ተመላለስን። "ፓፓ"ን ብቻ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው እንጃ። ከአጠገቧ ስለማልለይ ድምፅዋ ሲቀየር ልብ አላልኩትም። በመጨረሻ ጄኔቫ ያችው ሐኪም ጋ ተመለስን፤ ያው መስታወት ወጣ። ልጄ "ፓፓ" አለች። ሐኪሟ ደስ ብሏት መስታወቱን ወደ እኔ አዞረችው። ንጹሕ ነው። ስጠብቀው የኖርኩት ይህንኑ ነበር፤ ግን ማየት አቃተኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ከኋላዬ የማላውቀው የልጅ ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳይውጥ፣ "እማዬ፣ አለሁ እኮ። እየተነፈስኩ ነው" አለኝ።

ማን እንደሆነች ለማየት ዞርኩ።