ጫማዬን አውልቄ የገባሁበት የሰፋሪዎች ቤት

ጠዋት፣ ከሰፈራችን ከሳድል ሪጅ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ከሰናይት ጋር የወጣነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም፤ በመሀላችን ውል ነበር። ባለፈው ዊንተር ባቡር ጣቢያው ላይ በረዶ አንሸራቶ ከጣለኝ ወዲህ፣ ሰናይት ብቻዬን በባቡር ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድ ከልክላኛለች። ጉልበትሽ አይችልም ነው የምትለኝ። እኔም የጥንት ሰፋሪዎች ቤቶች ያሉበትን የወንዝ ዳር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ከጨረስኩ ወደ ባቡሬ ልመለስ አልኳት። ቶሎ ተስማማች፤ እንደምሸነፍ እርግጠኛ ነበረች።

በዲርፉት አውራ ጎዳና በመኪና ወደ ደቡብ ወረድን። የመናፈሻው መግቢያ በነፃ ነው። እዚያ የሚሸጠው ሻይ ግን አራት ዶላር ስለሆነ ከቤት በፔርሙዝ የያዝነውን ጠጣን።

መንገዱ ላይ

መንገዱ ጠጠር ነው። በግራ ወንዙ ይወርዳል፣ በቀኝ ግንዳቸው ነጭ የሆነ ዛፎች ቢጫ ቅጠል ያረግፋሉ። ሁለት አጋዘኖች እንደ ባለርስት አይተውን ሳይቸኩሉ አለፉ። ሰናይት በየአግዳሚው ወንበር እንረፍ ትላለች፤ እሷ ስታርፍ እኔ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

እኩሌታውን እንዳለፍን ከግንድ የተሠራ ትንሽ ቤት አገኘን። ጣሪያው ሾጣጣ ነው፣ በሩ ላይ ደወል ተንጠልጥሏል። መቃኑን ተሳለምኩና ጫማዬን ደጅ አውልቄ ገባሁ። ጸሎቴን ስጨርስ፣ ተከትላኝ የገባችው ሰናይት ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበች ትስቃለች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የሰው ቤት ነው። ደወሉም ለምሳ መጥሪያ ነው።"

"ጸሎቴን አልመልስም። በዚህ ብርድ እዚህ ቤት ልጅ የወለደች ሴት አትጠፋም፤ ለእሷ ይሁን።"

ስንወጣ ጫማዬ የለም። ሰናይት ጽሑፉ ላይ ባለው ቁጥር የመናፈሻው ቢሮ ጋ ደወለች። ለካ አንድ ሠራተኛ ሰው የረሳው መስሎት ወስዶታል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ በትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና መጣች፤ ጫማዬን ግን አልያዘችም። ይቅርታ ጠይቃ መቀመጫውን አሳየችኝ። የሰናይት ፊት በራ፤ ከተሳፈርኩ ውሉ ፈረሰ።

"በቃ እማዬ፣ ግቢ። ጫማሽን ቢሮ እንወስዳለን።"

"መኪናዋ ጫማዬን ታምጣ፤ እኔን አትወስደኝም።"

"ኧረ እንዲህ አይባልም፣ ላንቺ ብላ እኮ ነው የመጣችው።"

"እንዳልኩት ተርጉሚላት። ወሳጆቹ እነሱ፣ ላስመልስ የምሄደው እኔ?"

ደጃፉ ላይ በካልሲዬ ተቀመጥኩ። ሰናይት ጉሮሮዋን ጠርጋ ተረጎመች፤ ሳታለሳልሰው አልቀረችም። ልጅቷ ሄዳ ጫማዬን አመጣች፣ ጎንበስ ብላም እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። መረቅኳት። የወሰደ ሲመልስ መመረቅ አለበት።

መጨረሻው ዳገት ነው። ጉልበቴ ጮኸ። ሰናይት እጇን ዘረጋችልኝ፤ ዛፍ ይዤ ወጣሁ።

ማታ፣ ቤት

ሰናይት ጉልበቴን በቅባት እያሸችልኝ ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ዋሽቶ ማሸነፍ አልወድም። ጉልበት እያመመውም እንደሚሄድ ግን ሁለታችንም አይተናል። የቅባቱን ክዳን ገጠመች።

"እሺ፣ ሂጂ። ግን ስትደርሺ ኮል አድርጊልኝ።"

ያን ጊዜ የእሷም ነገር ታየኝ። የወደቅኩ ቀን ሰው ደውሎላት፣ ኮት እንኳ ሳትደርብ መጥታ ከበረዶው ላይ ያነሳችኝ እሷ ናት። ፍርድ ለሁለት ወገን ነውና፣ መሬቱ በረዶ የሆነ ቀን አድርሺኝ አልኳት። በሌላው ቀን ባቡሩ የእኔ ነው።