ጥላው ባዶ ሲሆን

አባቴ አናጢ ነበር። ሞያሌ ውስጥ እሱ በሠራው አልጋ ላይ ያልተጋደመ ሰው ጥቂት ነው። የሰርጌ ቀን ሲቆረጥ ግን ለማንም ያልሠራውን አልጋ ለልጄ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ምስጥ የማይደፍረው። ምስጥ ከእኛ ቀድሞ ከተማዋን የያዘ ነዋሪ ነው። እኛ ቤት የአልጋ እግር ናፍጣ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ እናቴ ሽታው ራሷን እያዞራት ነው ያረጀችው። አባቴም ለወደፊት አማቼ፣ በሽማግሌ ፊት፣ «ልጄ ናፍጣ እየሸተታት አትተኛም» ብሎ ቃል ገባ። እሱ ቃል ከገባ ደግሞ የሚያሳጥፈው ሰው አልተወለደም።

ችግሩ እንጨቱ ነበር። በከተማው ዙሪያ ያለው ዛፍ ሁሉ ከሰል ሆኖ አልቋል። አንድ የሎሪ ሾፌር ጎልቦ በረሃ ውስጥ፣ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ግራር አለ ብሎ አወራለት። ሾፌር ነውና አጋኖ ነው፤ ኋላ ስናየው ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። እኔም «አልጋው የእኔ ስለሆነ እንጨቱን እኔ ልምረጥ» ብዬ ተከተልኩ። እውነቱን ለመናገር አክስቶቼን ነው የሸሸሁት፤ ለሙሽራ የሚሰጠውን ምክር ጀምረው ነበር።

አስፋልቱ ገና እየተሠራ ያለበት ጊዜ ነው። በበቆሎ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ መጋዝና መጥረቢያችንን ታቅፈን፣ አቧራ ስንውጥ ዋልን። ሎሪው ሲመለስ ሊወስደን ተስማምተን ግራሩ ሥር አወረደን። ዛፉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ብቻውን ቆሟል። ከጥላው አንድ እርምጃ ከወጡ ፀሐይዋ ጭንቅላት ትበሳለች።

በቅርብ ካለው መንደር አንድ ሽማግሌ በትሩን ይዞ መጣ። ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ከብት ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፣ አማርኛ አይቸግረውም።

«ነጋያ፣ ፉንዲ» ብሎ አባቴን ሰላም አለው። እኛ አገር አናጢም ግንበኛም ፉንዲ ነው።

አባቴ እምቢ እንዳይሉት ስኳርና ትምባሆ ይዞ፣ ንግግሩንም መንገድ ላይ ሲያጠና ነበር የመጣው። ሽማግሌው ግን አባቴ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ፣

«ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ቁረጥ» አለው። «ዛፉ የዋቃ፣ የፈጣሪ ነው፤ እኔ ማን ነኝና ልከልክልህ? ብቻ ጥላው ሥር ነፍስ ያለው ነገር ተጠልሎ ሳለ አይቆረጥም። ነውር ነው። ጥላው ባዶ ሲሆን ትቆርጣለህ።»

አባቴ ጥላውን አየ። ሁለት አዛውንቶች ገበጣ ይጫወታሉ። ይህማ ቀላል ነው ብሎ መጥረቢያውን መሞረድ ጀመረ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገበጣ ተጫዋቾቹ ሳይነሡ ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ከነአህያቸው ገቡ። እነሱ ሳይወጡ ፍየሎች ገቡ። ፀሐይዋ ስትበርድ ሁሉም ወደ ሰፈር አመራና አባቴ እጁ ላይ እንትፍ አለ። ሽማግሌው እጅጌውን ያዝ አድርጎ በአገጩ ጠቆመው። ሁለት እንሹዎች፣ ከፍየል ያነሱ ሚዳቋ መሰሎች፣ ቁጥቋጦውን ተሻግረው የወደቀ ፍሬ መልቀም ጀምረዋል። ከኋላቸው ሳላዎች መጡ፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና፣ ፊታቸው በጥቁር የተኳለ። የዱር እንስሳ ሲባል የማውቀው አውቶቡስ ላይ የተሣለውን ብቻ ነበር። ወደ ሰፈሩ አጥር ፈቀቅ ብለን በእሾሁ ቀዳዳ እያየኋቸው ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እነሱ ሲሄዱ ጅግራዎች ለማደር እየተንጫጩ ቅርንጫፉ ላይ ወጡ።

«ነገ ይሻላል» አለ ሽማግሌው።

በማግሥቱ ማለዳ ከሴቶቹ ጋር ፍሬ አረገፍኩ። ቅርንጫፉን በረጅም ቆልማማ እንጨት ይዘው ይነቀንቁታል እንጂ አይሰብሩትም። ባለፈው ድርቅ ሣር ሲጠፋ ፍየሎቻቸው የተረፉት በዚህ ፍሬ ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ የቆረጠ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ ይጠየቃል አሉኝ። ቅርንጫፍ እንዲህ ካስጠየቀ ግንድ ሊፈቀድ! ሽማግሌው በትህትና እያሾፈ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለአባቴ መንገር እችል ነበር፤ ግን ጨዋታው ጣመኝ። ዛፉንም ወድጄው ነበር።

ረፋዱ ላይ ግን ጥላው እውነትም ባዶ ሊሆን ደረሰ። አንዲት ፍየል ብቻ ቀርታ ታመነዥካለች። አባቴ መጥረቢያውን ይዞ «እሽ» ሲላት ቆልማማውን እንጨት አንሥቼ ቅርንጫፉን ነቀነቅሁት። ፍሬው ሲንኮሻኮሽ የመንደሩ ፍየል ሁሉ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» አለኝ አባቴ።

«ከፍየሎቹ» አልኩት።

አልሳቀም። «አልጋው እኮ ያንቺ ነው! በአማቾችሽ ፊት ውሸታም ልባል?» አለና መጥረቢያውን ጥሎ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው። ቃሉ ለእኔ ሲል የገባው ነበር፣ እኔ ደግሞ እየሳቅሁበት ነው።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምቷል። ቀትር ላይ ጥላው እንደገና ሲሞላ አንድ ነገር በኦሮምኛ ተናገረ። እረኞቹ ፍየሎቹን ነዱ፣ ገበጣው ተቋረጠ፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዘሉ። ሁሉም ወጥቶ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ፤ እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። አሸዋው በነጠላ ጫማዬ ዘልቆ አቃጠለኝ።

«ፉንዲ፣ ካንተ በቀር ባዶ ነው» አለ ሽማግሌው። «ወደ እኛ ወጣ በልና ከዚያ ቁረጥ።»

አባቴ ግንዱን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ፀሐይዋን አየ። እኛን አየን። አንድ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ያለቅሳል። ከዚያ ብድግ አለ። ቃሉን አውቀዋለሁና አለቀልን አልኩ። ጣውላ ሲመርጥ እንደሚያደርገው ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ጆሮውን ለጠፈበት። ቆየ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ፣ ጥግ ይዞ ቦታ ለቀቀ።

«ምን ይገትራችኋል?» አለ ተቆጥቶ። «ሕፃን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል እንዴ? ግቡ እንጂ!»

ሳቁ በረሃውን ሞላው፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ጥላው ሥር አስተኙ። አባቴ ሎሪው እስኪመጣ ገበጣ ሲጫወት ዋለ፤ አንዴም አላሸነፈ።

ለሰርጌ ከገበያ የብረት አልጋ ተገዛ፤ ገና ሲነኩት የሚጮኽ። ሙሽራው ቤት ድግሱ ላይ አማቼ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «ፉንዲ፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚወጣው አልጋ የታለ?» ብለው ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ግን ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰ።

«ጎልቦ ነው» አላቸው። «ሰው ተኝቶበታል። ተነሡ ልበላቸው?»