አማቴ ፓራሹት ሲከፈት ያዩበት ዓመት

ባሕር ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው አውሮፕላን ልናይ አልነበረም። ባለቤቴ እናቱን ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ካስመጣ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። አማቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማችን የወጡት ለቤተ ክርስቲያንና ለሐኪም ብቻ ነው። ባሕር እናሳያቸው ብለን አንድ የሰኔ ቅዳሜ ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ወስደን ተነሣን።

ከተማዋ መግቢያ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ትራፊኩ ቀጥ አለ። ባለቤቴ "ዛሬ ደግሞ ምን አለ?" እያለ ሲያጉረመርም፣ አንድ ነገር ከላያችን ሰማዩን ቀዶት አለፈ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ከወንበሩ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ። አማቴ ግን መስኮቱን አውርደው አንገታቸውን አወጡ።

"ጄት ነው" አሉ፣ የሚያውቁት ሰው በደጅ ያለፈ ይመስል። "ዞሮ ይመለሳል፤ ቆዩ።"

ተመለሰ።

በየዓመቱ የሚደረግ የአውሮፕላን ትርኢት ላይ ነበር ሳናውቅ የደረስነው። ያን ቀን ባሕሩን ማን አየው? ስድስት ጄቶች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ሲያልፉ ደረቴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ መሰለኝ። የድሮ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በጭስ ሰማዩ ላይ ጻፉ። ሄሊኮፕተር ከውኃው ላይ ሰው በገመድ አነሣ። አማቴ ወንበር ዘርግተንላቸው እንኳ አልተቀመጡም። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ግን "ፓራሹተኞቹ አመለጧችሁ፤ ትርኢቱን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው" አሉን። ይህንን ለአማቴ ስተረጉምላቸው ፊታቸው ልውጥ አለ።

ምክንያቱን የነገሩን ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ባለቤቴ እናቱ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ልብስ ስፌት ይሠሩ እንደነበር ነበር የሚያውቀው።

"ስፌትማ ሁለት ዓመት ነው" አሉ ከኋላ ወንበር። "ከዚያ ወደ ፓራሹት አጣፊነት አዛወሩኝ። አሥራ አንድ ዓመት አጠፍኩ። አንድም ቀን ሲከፈት አላየሁም።"

"እንዴት እማማ?" አልኳቸው።

"ዝላዩ ሩቅ ሜዳ ላይ ነው። አለቃችንም አይፈቅድም። አጣፊ ዝላይ ካየ እጁ ይንቀጠቀጣል ይል ነበር።"

ከዚያ ወዲህ የእኛ ዓመት የሚቆጠረው በዚያ ትርኢት ሆነ። እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ፣ ክፍል ማጽዳትና አልጋ ማንጠፍ፣ እሠራ ነበር። ገና በመጋቢት ሱፐርቫይዘሬን ይዤ የሰኔዋን ቅዳሜ አስመዘግባለሁ። በሁለተኛው ዓመት ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ከሁሉ ቀድመን ደረስን፤ ጭጋግ ባሕሩን ከነሰማዩ ዋጠው። ድምፅ ብቻ እየሰማን ዋልን። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው "ይሄ ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ይሄ ትልቅ ነው፣ ዕቃ ጫኝ" ይሉን ነበር። ዝላዩ ግን ተሰረዘ። በሦስተኛው ዓመት ሰማዩ ጠራ፣ ነፋሱ በረታ፤ ዘላዮቹ እንደገና ቀሩ። ባለቤቴ ተናደደ። እሳቸው ግን "ነፋስ ባለበት የሚያዘልል አለቃ አለቃ አይደለም" ብለው ትርኢቱን እስከ መጨረሻው አዩ።

ሕዝቡ ደግሞ በየዓመቱ ይበዛ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ አንሶላችንን ያነጠፍነው የፈለግንበት ነው። በአራተኛው ዓመት የሆቴሎቹ በረንዳዎች ሁሉ ሞልተው አሸዋው ላይ መቆሚያ ጠፋ። ተጋፍተን ዘላዮቹ የሚያርፉበት የታጠረው ቦታ ገመድ ሥር ደረስን።

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋስም የለም። አውሮፕላኑ ዝንብ አክሎ ከላያችን ታየ። ከዚያ ስድስት ጥቁር ነጥቦች ከሆዱ ወጡ። አማቴ የእጄን አንጓ ጨብጠው መቁጠር ጀመሩ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።"

የእሳቸው ዘመን ፓራሹት ዘላዩ ከአውሮፕላኑ ወጥቶ አራት ሲቆጠር ነበር የሚከፈተው። እነዚህ ግን ዝም ብለው ይወርዳሉ። "አምስት፣ ስድስት" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። አሥር ሲሉ ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። "ልጄ፣ አልተከፈተም" አሉኝ። እንደሚከፈት የማውቀው እኔ እንኳ ፈራሁ።

ያኔ አንዱ ነጥብ ቀይና ቢጫ ሆኖ ተዘረጋ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ስድስቱም። አማቴ አሸዋው ላይ ዝርፍጥ አሉ። እያለቀሱ ይስቃሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይዘላል።

አንደኛው ዘላይ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቆ አረፈ። ጨርቁን መሰብሰብ ሲጀምር አማቴ ብድግ ብለው ገመዱን አልፈው ሄዱ። ጥበቃው ሊመልሳቸው ሲሮጥ እኔም ተከትዬ ገባሁና ታሪኩን በችኮላ ተናገርኩ። ዘላዩ ጥበቃውን በእጁ አቆመውና በጉልበቱ ተንበረከከላቸው።

"ካጠፉት ውስጥ ሳይከፈት የቀረ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"አንድም ቅሬታ አልመጣብኝም በለው" አሉ። "በይው" ማለታቸው ነው፤ ለእኔና ለልጃቸው የሚናገሩት እስኪደበላለቅባቸው ድረስ ተደስተዋል።

ስተረጉምለት ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ ሰጣቸው። አማቴ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው "ይሄ እኮ ፍራሽ ነው፤ የእኛ ክብ ነበር" አሉ። ቢሆንም ጣቶቻቸው ገመዶቹን አንድ በአንድ መለየት ጀመሩ፤ እንዲያ ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ሳሎኑ መሐል አንሶላ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ ዙሪያውን ክር ታስሮበት ጠበቀኝ። አማቴ እጥፋቱን ያስተምሩኝ ጀመር። እኔን ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ የዋልኩትን ሰው ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ። አራተኛውን ጊዜ ካለፍኩ በኋላ ክሮቹን አንድ ላይ ቋጭተው አንድ ከረጢት ድንች አንጠለጠሉባቸው፤ ባለቤቴን ወደ ታች ሣሩ ላይ ላኩት፤ እኔን ሰባተኛው ፎቅ ካለው በረንዳችን ላይ አቆሙኝ።

"ልቀቂው" አሉኝ።

ለቀቅኩት። አራተኛው ፎቅ አጠገብ ተከፈተ።