ባናዋን የለበሰች መኪና

ትናንት ዶርም ውስጥ ሻንጣዬን ሳራግፍ ከሥር ያለው ባና፣ ያ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ብቅ አለና ክፍሉ በሱፍና በቤንዚን ሽታ ተሞላ። ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሲከፍቱ እኔ ግን ፊቴን ቀብሬበት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ ነበርኩ።

ባናውን እናቴ ለሰርጓ ከገዛ በጎቿ ጠጉር ፈትላ ያሸመነችው ነው። አባቴ ደግሞ ቄስ ናቸው፤ እኔ ገና ድክድክ ስል አንዲት ያገለገለች ትንሽ ነጭ መኪና ገዙ። ጥምጣም አውልቆ መንዳት ለቄስ ነውር ነው ስለሚሉ፣ ጣራዋም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ነበር የሚነዱት፤ የሰፈሩ ሰው ገና ከሩቅ የሚለየን በአባቴ አንገት ነው።

የመንዝ ውርጭ ግን ለመኪናዋ አልተስማማትም። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሳል ሳል ብሏት ጸጥ ትላለች፤ ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጸበል ተረጭታ እንደሆነ ይጠይቁና እየሳቁ መጥተው ይገፋሉ። ይህ የሰለቻቸው አባቴ አንድ ምሽት ባናውን ከአልጋ ገፈው ኮፈኗን አለበሱት፤ ጫፍ ጫፉንም ለሕፃን እንደሚደረገው ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉት። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ለመሆኑ ቄሱ፣ ከሁለታችን ያገቡት ማንን ነው?» አለቻቸው። በማግስቱ መኪናዋ ሳትገፋ ስለተነሳች ነገሩ በዚያው ተዘጋ፤ እናቴም ባናዋን ተነጥቃ፣ ጋቢ ደራርባ፣ እያጉረመረመች መተኛት ለመደች።

ታናሽ እህቴ ልትወለድ እናቴን ምጥ የያዛት ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ንጋት ነው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ በአቅራቢያችን ሌላ መኪና የለም። አባቴ ባናውን ከኮፈኑ ላይ አንስተው እናቴን ጠቀለሏትና ከመሪው ፊት ተቀመጡ። ጋሽ ተክሌ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዛሬ ምንም ሳይቀልዱ፣ ለመግፋት ከኋላ ቆሙ። ግን አላስፈለጉም፤ ገና በመጀመሪያው ተነሳች። እናቴ ከባናው ውስጥ ሆና፣ ምጡ መለስ ባለላት ቅጽበት፣ «እሰይ ጣውንቴ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መኪናዋን የምታለብሳት እናቴ ሆነች።

አምና የአባቴ ዓይን ደከመና መኪናዋ ለአንድ የዓለም ከተማ ሰው ተሸጠች። አገሩ ከእኛ ስለሚሞቅ ባናው ቀረ። እናቴ ስንት ዓመት የተቀማችውን ባና አጥባ፣ የቤንዚን ሽታው ባይለቅም፣ አልጋዋ ላይ አነጠፈችው፤ ግን ብዙ አልተኛችበትም፤ አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችውና እንቅልፍ እንደነሳት ብቻ ነገረችኝ።

እኔም የደረሰኝ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሞቃት አገር ስለሆነ ባናው አሁን የሚያሞቀው የለም። ልሄድ ስነሳ አባቴ እስከ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሸኝተውኝ ነበር። የሚኒባሱ ጣራ ከጥምጣማቸው እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ አንገታቸው ግን መንገዱን ሙሉ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወዳለሁበት፣ ዘንበል እንዳለ ነበር።