አፉ ውስጥ የቀረችው ጥይት

የልጅ ልጄ ከማል ፖሊስ ከሆነ ወዲህ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሳይታጠቅ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። ባለፈው ዓርብ ራት ላቀርብለት ስል ካዝናውን ከእጀታው ውስጥ መዘዘና ሽጉጡን መደቡ ላይ አጋደመው።

«አይዞሽ አያቴ፣ ባዶ ነው» አለኝ።

ባዶ! ይህችን ቃል ዛሬም አላምናትም። «አፉን ካልከፈትክልኝ ራት የለም» ብዬ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ልጁ ሳቀብኝ። አሮጊት ስለ ሽጉጥ ምን ታውቃለች ብሎ ነው። እስቲ ይሳቅ!

ያኔ አሶሳ የቀርከሃ አጥርና የሣር ጎጆ ብቻ ነበረች። እኔ ገና ያላገባሁ ልጃገረድ ነበርኩ፤ አባታችን ሞቶ ታላቅ ወንድሜ ሙሳ ቤቱን ይዟል። በዚያ በጋ ወርቅ በሚታጠብበት ወንዝ ላይ ጠብ ተነሣና አጎታችን አንድ ሰው ገድሎ ወደ ሱዳን ጠፋ። ደሙ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ ቀረ። የሟች ወንድም ሐሚድ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ ሙሳን እንደሚጠብቀው አገር ያውቃል።

ሙሳም ሽጉጥ ይፈልግ ጀመር። የአባታችን ወዳጅ የነበረ ጀላባ፣ ጨውና ጨርቅ በአህያ ጭኖ ከድንበሩ ከተማ ከኩርሙክ የሚመላለስ የሱዳን ነጋዴ፣ ሁለት የቤልጅግ ሽጉጦች ይዞ መጣ። ምንጣፉ ላይ ዘርግቷቸው እኔንም «ነይ እዪ፣ ያ ብንቲ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው።

«እንደ ጠመንጃ ከኋላው ተነሥቶ የሚወድቅ መዶሻ አትፈልጊ፣ ምንም የለውም» አለ። «የሚመታው መርፌ ሆዱ ውስጥ ነው። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስትስቢው መርፌው ተወጥሮ ይቀራል፤ ብረቱ ሲመለስ ከካዝናው አንድ ጥይት ገፍቶ ያጎርሰዋል። ምላጩን ስትነኪ መርፌው ይለቀቃል። አንዴ ከተኮሰ ደግሞ ራሱ ተስቦ ራሱ ይጎርሳል።»

ሽጉጦቹ ወንድማማች ቢመስሉም ጠባያቸው ለየቅል ነበር። ትልቁ ጎኑ ላይ በአውራ ጣት የሚዞር መቆለፊያ አለው። ትንሹ ደግሞ ከእጀታው ጀርባ ብቅ ያለች ምላስ አለችው፤ መዳፍ ሙሉ ጨብጦ እሷን ወደ ውስጥ ካልገፋት ምላጩ ቢሳብም አይተኩስም። በሁለት ጣት የያዘው ሰው ምንም አያደርግበትም። ጀላባው ቀጥሎ ያለው ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ቀረ፦ «ካዝናው ስለወጣ ባዶ እንዳይመስልሽ። የጎረሳት አፉ ውስጥ ናት።»

ሙሳ ይህን አልሰማም። ጣሪያው ላይ ባለች ርግብ ያነጣጥር ነበር። ወይ ወንድሜ! ትንሹን መረጠ።

ክረምቱ ገባ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ቤታችንን ለቀቀ። ቀርከሃው በነፋስ በተንቋቋ ቁጥር «መጡ!» እንላለን። ሙሳ ሽጉጡን አጉርሶ ነበር የሚተኛው፤ ገንፎ ሲበላ እንኳ ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም። እኔም የበላሁት አይረጋልኝም ነበር። በመጨረሻ ሸህ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ መሐል ገቡና ሙሳንና ሐሚድን ሊያስታርቁ እኛው ግቢ ማንጎው ሥር ሰው ሰበሰቡ።

ሸሁ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። የሁለቱን መሣሪያ ይቀበሉና መዶሻው መውረዱን፣ ለመተኮስ አለመወጠሩን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ አለዋውጠው ይሰጣሉ፦ ያንተን እሱ፣ የሱን አንተ፣ ማዕዱ ተበልቶ እስኪነሣ ድረስ። እስከዚያ መሣሪያዬን መልሱልኝ ያለ እርቁን አፈረሰ ማለት ነው። የሐሚድን አሮጌ ጠመንጃ ዳሰሱና ለሙሳ ሰጡት። ሙሳ ካዝናውን መዝዞ ፊታቸው አኖረና «ባዶ ነው» አለ። ሸሁ የሽጉጡን ጀርባ ቢዳስሱ መዶሻ የለ።

«ይህማ የተኛ ነው» አሉና ለሐሚድ ሰጡት።

እኔ የውሃ ማሰሮ ይዤ ቆሜ ነበር። ጠዋት ብረቱ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፤ ሙሳ የጎረሳትን ጥይት ሲያወጣት ግን አላየሁም። እንግዳ ማስታጠብ የቤቱ ሴት ልጅ ሥራ ነውና የሚቀድመው ሐሚድ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ወንድሜ ወሰደኝ።

«ምን ነክቷታል ይህች ልጅ! እንግዳ ይቅደም እንጂ!» ብለው ሸሁ ተቆጡ።

ውሃውን እያፈሰስኩ «የጎረሳትን አውጥተሃታል?» አልኩት በሹክሹክታ። የሙሳ እጆች ቀጥ አሉ። ዓይኑን ወደ ሽጉጡ ጣለ። መልስልኝ ቢል እርቁ ይፈርሳል፤ ጥይት አለበት ብሎ ቢናገር ጥይት አጉርሶ ለእርቅ የቀረበ ከሃዲ ይባላል። ሐሚድ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ አፈሙዙ ወደ ሙሳ ሆድ ዞሯል። እጀታውን በመዳፉ ሙሉ ጨብጦ ነበር የያዘው።

ወደ ሐሚድ ሄድኩ። እጁን ለመታጠብ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አኖረው። ውሃውን እጁ ላይ አፈሰስኩ። ምን እንደምል ሳላውቅ አፌ ተናገረ፦ «አንዲት አፉ ውስጥ ቀርታለች። ወንድሜ ረስቶ ነው፣ ወላሂ። አደራህን።»

ቀና ብሎ አየኝ። ውሃው አለቀና ባዶ ማሰሮ አዘንብዬ ቆሜያለሁ። ሐሚድ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙሮ ሽጉጡን ከጭኑ ሥር ሸጎጠው። «ቢስሚላህ» አለና ከሁሉ ቀድሞ ጎረሰ።

ማዕዱ ሲነሣ ሙሳን ወደ ጓሮ ይዞት ሄደ። ጥይቷን አስወጥቶ ለራሱ ወሰዳት፤ ለማንም አልተናገረም። በዓመቱ እርቁ እንዲጸና ብለው ሽማግሌዎቹ ለሐሚድ ዳሩኝ። እኔም እሺ ያልኩት ወድጄ ነው፤ ምን እደብቃለሁ?

ልጆች ከወለድን በኋላ አንድ ቀን ማሽላ እየወቃን ሳለ ያ መዳፍ ሙሉ የሽጉጥ አያያዙ ትዝ አለኝ። ሽጉጥ የማያውቅ ሰው እንደዚያ አይጨብጥም።

«ከመናገሬ በፊት ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ዱላውን አስቀመጠ። «ኩርሙክ የጀላባ ዘበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወንድምሽ ካዝናውን ብቻ ሲያወጣ አየሁት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«ልቤ እስኪቆርጥ» አለ። «ሊቆርጥም ነበር። አንቺ መጥተሽ አደራ አልሽኝ። አደራ ካሉኝ ወዲያ ምን አደርጋለሁ?»

ሐሚድ ከሞተ ቆየ። ደግ ባል ነበር። ግን ያን ቀን ሥርዓቱን ጠብቄ እሱን አስቀድሜ አስታጥቤ ቢሆን ኖሮ፣ ሙሳን ሳልጠይቅ፣ ምንም ሳልናገር ባልፍ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እገላበጣለሁ። ወንድሜን ባጣሁ ነበር፤ ይህ ከፊቴ ተቀምጦ የሚስቅብኝ ልጅም ባልኖረ ነበር።

«ክፈተው አልኩህ!»

ከማል ብረቱን ወደ ኋላ ሳበው። ምንም አልወጣም። «አየሽ አያቴ፣ ባዶ ነው።»

«አሁን ባዶ ነው» አልኩትና ውሃ አምጥቼ አስታጠብኩት።