ሽማግሎቹ ኳስ ሜዳ የቀሩ ዕለት

ጻፍ። አያትህ በረኛ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ፣ የቆዳ ፋብሪካው ቡድን በረኛ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው እንግዲህ፤ በራዲዮ አይነሳም፣ ጋዜጣ ላይም አይወጣም። ኮልፌ ላይ ግን የማያውቀው ማን አለ! ኳሷን ይይዝና በእጁ ሲወረውራት፣ ወላሂ እልሃለሁ፣ መሀል ሜዳን አልፋ ነው የምታርፈው! ሌላው በረኛ በእግሩ ለግቶ እዛ አያደርሳትም። ቀኑን ሙሉ ጥሬ ቆዳ መኪና ላይ ሲወረውር የሚውል ክንድ ነዋ! አንድ ትልቅ ቡድን ሊወስደው መጥቶ እንኳ «ከኮልፌ ወጥቼ የት እሄዳለሁ» ብሎ መልሷቸዋል። እስኪያቆም ድረስ እዛው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ እንደነገሠ ነው።

ታዲያ እኔን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ቁጡ። «ልጄን ለኳስ አባራሪ አልሰጥም!» ብለው ሁለቴ መለሷቸው። እኔ ደግሞ ልቤ እሱ ጋ ሄዷል፤ አባቴን ደፍሬ አልናገር ነገር።

ለሦስተኛ ጊዜ እሁድ ከሰዓት ሊመጡ ተቀጠረ። ለካ ያን ቀን የዋንጫ ጨዋታ አለ! አባቴ እምቢ ለማለት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቁጭ ብለዋል። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ሽማግሌ የለም።

«እንዴ! እኔ እምቢ ሳልላቸው እነሱ እምቢ አሉኝ?» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ጩኸት ወደሚሰማበት ሜዳ ወጡ።

እናቴ «ኧረ ተከተያቸው፣ ሰው እንዳይመቱ!» አለችኝ። ሮጥኩ።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ሦስቱም ሽማግሎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከፊት ቆመው ይጮሃሉ።

«እናንተ ሰዎች፣ አታፍሩም?» አሉ አባቴ።

«ሐጂ፣ በአላህ ትንሽ ይታገሱን! ሙሽራችን ላይ ሪጎሬ ተሰጠበት!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ሪጎሬ ማለት ዛሬ ፔናሊቲ የምትሉት ነው።

«ሙሽራ ያለው ማነው?»

ሳይጨርሱ ኳሷ ተመታች። አያትህ ተወርውሮ ቀለባት! ሜዳው ተናወጠ! እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ዜሮ ለዜሮ ነው፣ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው። አያትህ ብድግ ብሎ ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ አባቴ በሽማግሎቹ ጋቢ መሀል አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ተቀመጡ እንጂ! ጋረዳችሁኝ እኮ!»

በወጋችን ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ትልቁ ሽማግሌ ዞር እንኳ አላሉም። «ልጄን ሰጠሁ ካላሉን አንቀመጥም፣ ሐጂ።»

«ሰጠሁ! ሰጠሁ! ቁጭ በሉ ብቻ!»

ሦስቱም እርጥቡ ሳር ላይ ዘጭ! ኳሷ በፊታችን በረረች፣ መሀል ሜዳን አለፈች፣ የእኛ አጥቂ ደረቱ ላይ አበረዳትና... ጎል! አባቴ ከዘራቸውን ጥለው ትልቁን ሽማግሌ አንቀው ይዘላሉ!

ቤት ገብተን አባቴ ሲረጋጉ «እሱ እኮ ለኳሱ ብዬ ነው» ሊሉ ሞከሩ።

«ሐጂ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው ሰምቷል» አሉ ሽማግሎቹ።

አባቴ ጢማቸውን ዳበሱ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ይሁን» አሉ። «ሠርጉ ግን እሁድ አይሁን። እሁድ ጨዋታ አለው።»