ለኦስካር የተነፋው ጡሩንባ

ሰርካዲስ የባሕሩን አሸዋ ስትጠርግ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ አሸዋው ግን አላለቀላትም። አንሶላ ስታራግፍ አሸዋ፣ ትራስ ስትገለብጥ አሸዋ፣ ማታ ፌርፋክስ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅም አሸዋ። «ጡረታ ስወጣ ቤት እሠራበታለሁ» ትላለች።

የምትሠራበት ሆስቴል ከሳንታ ሞኒካ ወረድ ብሎ፣ ሦስት መንገድና አንድ ብስክሌት አከራይ ባላት ትንሽ የባሕር ዳር ሰፈር ውስጥ ነው። ከዓለም ዙሪያ ቦርሳቸውን አዝለው የሚመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ስምንት ስምንት ሆነው ያድሩበታል። መጀመሪያ ስታያቸው ግራ ገብቷት ነበር። የሀብታም አገር ልጅ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ የተረፈ ዳቦ እየተካፈለ፣ ተደራርቦ ይተኛል? እያደር ግን ገባት።

«የቆሎ ተማሪ ናቸው» አለቻት ጓደኛዋን ሄራንን። «ደበሎና አኮፋዳ የላቸውም እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ውሻ እንኳ ይጮህባቸዋል።»

ከዚያ ወዲህ አንጀቷ አልቻለም። የጠፋ ካልሲያቸውን ትፈልግላቸዋለች፤ ሲያስላቸው ዝንጅብል ታፈላላቸዋለች። እነሱም «ማማ ሰርካ» ይሏታል።

አበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ሰፈር ደግሞ ሌላ ሥራ አላት፤ ደመወዝ የለውም፣ ክብር ግን አለው። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ናት። ጡሩንባው ስልክ ነው፤ ሐዘን ሲደርስ ለአባላቱ ሁሉ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ሹመቱን ያገኘችው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ከእሷ በፊት የነበረው ፍሬው የተሻረው ሃውቶርን የሚኖሩትን ጋሼ ሀብተሥላሴን በቁማቸው ሞቱ ብሎ በመልፈፉ ነው። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሲያንኳኳ በሩን የከፈቱት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። «ማን ሞተብን?» ብለው ደንግጠው ጥቁር ኮታቸውን ሊያመጡ ተመልሰው ገቡ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ክፍሉ ሰርካዲስን የሾሟት ቀን አስጠነቀቋት። «ስሚ ሰርኬ፣ ሰው ሥራውን ጥሎ የሚመጣው ጡሩንባውን አምኖ ነው። የፍሬውን ስህተት አንዴ አለፍነው። ጡሩንባው ሁለተኛ ከዋሸ፣ የእውነት ስንሞት የሚመጣልን የለም።»

ይህን ቃል እንደ ዳዊት ትደግመዋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንሶላ ታቅፋ ወደ በረንዳው ስትወጣ፣ ፍሪዳ የምትባል የስዊድን ልጅ ደረጃው ላይ ኩርምት ብላ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ኦስካር ሞተ» አለቻት ፍሪዳ። «ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አብረን ነው ያደግነው። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ትናንት ቀበሩት። አልደረስኩለትም።»

ሰርካዲስ አንሶላውን ጣለችው። ሐዘንተኛን ምንሽ ነው፣ እንዴት ሞተ እያሉ መመርመር ነውር ነው፤ እሷ ያደገችው እንዲህ ነው። አብሮ ያደገ፣ አንድ አልጋ የተጋራ፣ ከወንድም ሌላ ማን ሊሆን? አቀፈቻትና አብራ አለቀሰች። አንጀቷን የበላት የመጨረሻው ቃል ነው። እሷም የእናቷን መርዶ የሰማችው በርባንክ ኤርፖርት አጠገብ ፓርኪንግ ስትሠራ ነበር። እሷም አልደረሰችም። የዚያን ቀን የእድሩ ሰዎች መጥተው ባይከቧት ኖሮ ምን ይውጣት ነበር?

ይህች ልጅ እኮ እድር የላትም፣ አለች በልቧ። ስልኳን አወጣች።

«ወገኖቼ፣ እኔ የምሠራበት ሆስቴል ያለች አንዲት ልጅ ወንድሟ ሞቶባታል። አባል አይደለችም፤ ግን ሰው የላትም። የምትችሉ ድረሱላት።»

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት ሰው መጣ። ሄራን ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዛ ከሁሉ ኋላ ደረሰች። «ፓርክ ለማድረግ አርባ ደቂቃ ዞርኩ! ሐዘን ባይሆን ኖሮ ተመልሼ ነበር» አለች እያለከለከች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ግድግዳው ላይ በተደገፉት የማዕበል መንሸራተቻዎች መካከል ተሰልፈው ገቡ። የዋና ልብስ የለበሱት ልጆች መንገድ ለቀቁላቸው። ፍሪዳ ግራ ገባት፤ ግን ከበዋት ሲቀመጡ እንባዋ እንደገና መጣ።

«ስንት ዓመቱ ነበር ልጄ?» ብለው ጋሼ ክፍሉ በእንግሊዝኛ ጠየቋት።

«አሥራ አራት።»

«እሪ! ገና ቀንበጥ!» አለች ሄራን ደረቷን እየመታች። ሁሉም «ነፍስ ይማር» አሉ።

ፍሪዳ ስልኳን ከፍታ ፎቶውን ሰጠቻቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የደረሰው ሁሉ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ሰርካዲስን አየ። መጨረሻ ላይ ሰርካዲስ እጅ ገባ። ጆሮው የተንጠለጠለ ቡናማ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይስቅባታል።

«ሰርካዲስ» አለች ሄራን በሹክሹክታ፤ «ነፍስ ይማር ብለናል እኮ!»

«እኔ መች አወቅሁ...»

«ሺፍት አስቀይሬ የመጣሁት ለቡቺ ነው?»

ሰርካዲስ ፎቶውን ደግማ አየችው። ፍሬው እንኳ ቢያንስ ሰው ነበር የቀበረው። ተነስታ ጋሼ ክፍሉ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ሰው ይሹሙ።»

ጋሼ ክፍሉ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው ፎቶውን ብዙ አዩት።

«ጉለሌ እኛም ውሻ ነበረን» አሉ። «መቻል ይባላል። ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኘኝ ነበር። የሞተ ቀን፣ ወንድ ልጅ ለውሻ አያለቅስም ስላሉኝ ከኩሽና ጀርባ ተደብቄ አለቀስሁ። አንድ ሰው አልደረሰልኝም።» ስልኩን መለሱላት። «የዚህች ልጅ እንባ ውሸት ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

«ሰው አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያ ጡሩንባው አልዋሸም። ተቀመጪ። ሄራን፣ አንቺም ንፍሮውን አዙሪ። ነፍስ ይማሩን ግን ለመምሬ የሚነግር ሰው እንዳይኖር!»

በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ሰርካዲስ ነገሩን ሁሉ ለፍሪዳ ስትነግራት ልጅቷ አፏን ያዘች። «እነዚህ ሁሉ ሰዎች ከሥራ ቀርተው የመጡት ለኔ ነው?» አለችና እየሳቀች አለቀሰች። ሌሎቹ ልጆችም ከየክፍሉ ወጥተው ንፍሮውን በእፍኛቸው እየተቀበሉ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ አውስትራሊያዊ ጸጉረ ረጅም ወደ ጋሼ ክፍሉ ጠጋ ብሎ እንዴት አባል እንደሚኮን ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ አንድ አገር አርፈህ ተቀመጥ» አሉት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በርባንክ የሚኖረው የእድርተኛው የሲሞን አያት በዘጠና አራት ዓመታቸው አረፉ። ሰርካዲስ መልእክቱን ከሆስቴሉ በረንዳ ላይ ላከች፤ ምን እንደሆነ ለጠየቋት ልጆችም ነገረቻቸው። ማን ያምናታል አሁን? የመጀመሪያው መልስ የሄራን ነበር።

«በሁለት እግር ነው በአራት?»

«በሁለት!»

«ኦኬ፣ መጣሁ።»

የቀሩትም ይህንኑ እየጠየቁ መኪናቸውን አስነሱ። ማታ ሰርካዲስ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መቀመጫ አልነበረም፤ በር ላይ ከተደረደሩት ጥቁር ጫማዎች መካከል ሦስት ጥንድ ነጠላ ጫማ አየች፤ አሸዋቸው ገና አልረገፈም።